የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ከሕመምተኞችና ከአስታማሚዎች ዘወትር የምንሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሶቹ ሐኪም ዘንድ መቅረብን አይተኩም።

የሚያመኝ ዳሌዬ ነው ወይስ ወገቤ?

ሰው "ዳሌዬን" ሲለኝ መጀመሪያ የማየው እጁ የት እንደሚያርፍ ነው። መቀመጫው ላይ ወይም ከቀበቶው በታች በስተኋላ ካረፈ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ወገብ ነው። በጎን በኩል የሱሪ ኪስ ያለበት አካባቢ ጎልቶ በሚዳሰሰው አጥንት ላይ ካረፈና በዚያ ጎን መተኛት ካስቸገረ፣ መገጣጠሚያው ሳይሆን በላዩ የሚያልፉት ጅማቶች ተቆጥተው ይሆናል። እጁ ብሽሽቱ ላይ ካረፈ ግን ዋናውን የዳሌ መገጣጠሚያ እጠረጥራለሁ። መገጣጠሚያው ጠልቆ የተቀመጠው በዚያ በኩል ነውና።

ሌላው ምልክት በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ይታያል። ካልሲ ማጥለቅ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ የእግር ጥፍር መቁረጥ፣ ሚኒባስ ላይ ለመውጣት እግር ማንሳት አስቸጋሪ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ዳሌ ያደላል። ከወገብ የሚነሳ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት ይወርዳል፤ መደንዘዝና መውረርም ያስከትላል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ሁለቱ ችግሮች አብረው መገኘታቸው እንግዳ አይደለም።

ጉልበቴን እያመመኝ ለምን የዳሌ ራጅ ታዘዘልኝ?

የዳሌን ሕመም የሚያደርሱ ነርቮች ወደ ጉልበትም ስለሚሄዱ ነው። ጉልበታቸውን ለወራት ሲያሹ፣ ቅባት ሲቀቡና ራጅ ሲነሱ ቆይተው ችግሩ ዳሌያቸው ላይ የተገኘባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ጉልበቱ ሲመረመር ደህና ከሆነና ዳሌ ወደ ውስጥ ሲዞር ሕመሙ ከተነሳ፣ የታዘዘልዎ ራጅ ትክክለኛው ነው። ልጅ "ጉልበቴን" ሲል ደግሞ ዳሌውን ሳያዩ ማሰናበት ትልቅ ስሕተት ነው።

ብርድ መትቶኝ ነው ወይስ ሪህ ነው?

ዳሌ የተሠራው እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው። የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ይሽከረከራል። ሁለቱም ገጾች በለስላሳ ልም አጥንት የተሸፈኑ ስለሆኑ ሳይፋተጉ ይንሸራተታሉ። በእርምጃ ጊዜ በዚህ ቦታ ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነትን ክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ልም አጥንቱ ሲሳሳና ሲላጥ አጥንት ከአጥንት ጋር ይገናኛል፤ መገጣጠሚያው ጠዋት ይደርቃል፣ ሲራመዱ ያማል፣ እየቆየም ሌሊት ያነቃል። ሰው በጥቅሉ ቁርጥማት የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህንን ነው።

የሐምሌ ብርድ ሕመሙን ያባብስ ይሆናል እንጂ ልም አጥንት አይበላም። ሪህም ቢሆን የሚወደው የእግር አውራ ጣትን ነው፤ ዳሌን የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። የተለመዱት መንስኤዎች ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቆየ ስብራት ወይም ውልቃት፣ በልጅነት ሳይታከም ያለፈ የዳሌ ችግር፣ የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታዎች እና የጭን አጥንት ራስ ደም ማጣት ናቸው። በአገራችን የአጥንት ቲቢም መረሳት የለበትም። ሕመሙ ቀስ እያለ ከመጣ፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስም ካለ፣ ማሸት ትተው ይመርመሩ።

ገና ወጣት ነኝ፤ "የአጥንቱ ራስ ሞቷል" ተባልኩ። እንዴት ይሆናል?

የጭን አጥንት ራስ ደም የሚደርሰው በቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። እነዚህ ሲዘጉ ወይም ሲቆረጡ አጥንቱ ይሞታል፤ ሲውል ሲያድርም ክቡ ራስ ይደረመሳል። የሚያጠቃው በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ዓመት ያሉ ሰዎችን ነው። ስብራትና ውልቃት፣ ለረጅም ጊዜ ብዙ አልኮል መጠጣት፣ እንዲሁም እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶችን በብዛት መውሰድ ዋናዎቹ መንስኤዎች ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም ሲታዘዙ ሕይወት ያድናሉ፤ በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ለመወፈር ወይም "ለቁርጥማት" ተብሎ ያለ ማዘዣ መዋጣቸው።

በጅምሩ ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። ያኔ የሚያየው ኤም አር አይ (በማግኔት ኃይል የሚነሳ ምስል) ነው። ራሱ ሳይደረመስ ከተደረሰበት አጥንቱን በመብሳት ግፊቱን የሚቀንስ ቀዶ ጥገና ሊሞከር ይችላል፤ ከተደረመሰ በኋላ ግን የሚቀረው አማራጭ አብዛኛውን ጊዜ መገጣጠሚያውን መቀየር ነው። በአንድ በኩል ከተገኘ ሌላውም ዳሌ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይይዛል።

ወጌሻ ጋ ብሄድ ምን ይጎዳኛል?

ወጌሻ ሁሉ አጥፊ ነው አልልም፤ የተሸማቀቀ ጡንቻ ሲታሽ ይፍታታል። ዳሌ ግን ጠልቆ ያለ መገጣጠሚያ ነው፤ በእጅ ዳስሶ ተሰብሯል፣ ወልቋል፣ መግል ይዟል ብሎ መለየት አይቻልም። የተሰበረ ሲጎተት ስብራቱ ይለያያል፤ መግል የያዘ ሲታሽ ሕመሙ ይጠናል። እጅግ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም አቋርጦ እግር ያስቆርጣል። ይህን በአጥንት ሕክምና ክፍል የሠራ ሁሉ አይቶታል።

በመኪና አደጋ ዳሌ ከወለቀ ነገሩ የሰዓት ጉዳይ ነው። በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ቢመለስ የአጥንቱ ራስ የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነው። "ዛሬ ይታሽ፣ ካልተሻለው ነገ ሐኪም ቤት" የሚለው ውሳኔ የወጣቱን ዳሌ ሊያስከፍል ይችላል።

የት ልሂድ? ምንስ ይዤ ልሂድ?

ድንገተኛ ካልሆነ ከወረዳዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። በጤና መድኅን የሚታከሙ ከሆነ ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል መሄድ ከበር መመለስን ያስከትላል። በመሐል ከተማው የአጥንት ስፔሻሊስቶች ከሚገኙባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ጥቁር አንበሳ ነው፤ ለአደጋ ደግሞ በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል አለ። ወረፋ መኖሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጊዜዎን በምርመራ ድግግሞሽ አያባክኑ፦ የቀድሞ ራጆችዎን ፊልሙን ራሱን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው ይዘው ይቅረቡ።

የመጀመሪያው ምርመራ ሁለቱንም ዳሌ አንድ ላይ የሚያሳይ ራጅ ነው። አንዱን ብቻ ከተነሱ ሐኪሙ የሚያነጻጽርበት ያጣል። ኤም አር አይ ለሁሉም አያስፈልግም። በራጅ በግልጽ የታየ መሸርሸርን ለማረጋገጥ ብዙ ሺህ ብር ማውጣት ከንቱ ወጪ ነው።

መድኃኒት ልዋጥ? በጾም ጊዜስ?

ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራሙ በቀን ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ ጉበቱ የታመመ ወይም የሚጠጣ ሰው ከዚያም ማነስ አለበት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ይበልጥ ያስታግሳሉ፣ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። የግፊት ወይም የኩላሊት ታማሚ ሆነው ከፋርማሲ በራስዎ መግዛት የለብዎትም። አይቡፕሮፌንንና ዳይክሎፌናክን አብሮ መዋጥም ማስታገሻውን ሳይሆን ጉዳቱን ነው የሚጨምረው።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዳቸውን የሚቆዩ እናቶች ጠዋት ዳይክሎፌናክ ውጠው ከሰዓት ደም ሲያስታውኩ የሚመጡበት ጊዜ አለ። ኪኒኑ ከምግብ በኋላ እንዲሆን ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ፤ ስለ ጾሙ ደግሞ ከነፍስ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው አብዛኞቹ ካህናት ራሳቸው ይነግሩዎታል።

መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋው መርፌስ?

ለሳምንታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ወራት ያስታግሳል እንጂ ያለቀ ልም አጥንት አይመልስም። ዳሌ ጥልቅ ስለሆነ በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ እየታየ ነው የሚሰጠው፤ መቀመጫ ላይ የሚወጋ መርፌ ይህ አይደለም። ቀዶ ጥገና ካሰቡ ይንገሩ፤ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት የተወሰደ መርፌ የኢንፌክሽን ዕድልን ይጨምራል።

ቅልጥምና የአጥንት መረቅ ይጠግናል?

ጣፋጭ ነው፤ ልም አጥንት ግን አይተክልም። ክብደት ከጨመሩበት ጭራሽ ይጎዳዎታል።

ከዘራ የምይዘው በየትኛው እጅ ነው?

ከታመመው ዳሌ በተቃራኒ ባለው እጅ። ቀኝ ዳሌዎን ካመመዎ ከዘራው በግራ እጅ ይያዝ፤ የታመመው እግር ሲራመድ አብሮት ወደፊት ይሂድ። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዝና ወደዚያው እያጋደለ ጫናውን ይጨምራል። ርዝመቱ ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ሲቆሙ የእጅዎ አንጓ ጋ ይድረስ። አባቶች የሚይዙት ረጅም ከዘራ ለግርማ ሞገስ ያምራል፣ ለዳሌ ግን ካልተቆረጠ አያገለግልም። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የታመመው። ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ይህን ያወቀ ሰው በግማሽ ሕመም ይወርዳል።

ልራመድ ወይስ ልረፍ?

ይራመዱ፣ ነገር ግን ቦታና መጠን ይምረጡ። መገጣጠሚያ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል፣ በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎችም ይሟሽሻሉ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከእንቅስቃሴው በኋላ የመጣ ሕመም በማግስቱ ከቀለለ መጠኑ ልክ ነበር፤ ካልቀለለ በዝቷል። የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች ሽቅብ ቁልቁል መሮጥ ለጤነኛ ሰው ነው። ፒያሳ የሚሠራ ሰው በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር በእግሩ ወርዶ ሲመለስ ታክሲ ቢይዝ አልነቅፈውም።

ከሁሉ የምናዘወትረው እንቅስቃሴ በጤነኛው ጎን ተኝቶ የታመመውን እግር ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንሳት ነው። ጣት ወደ ፊት እንጂ ወደ ጣሪያ አይይ፤ ዳሌም ወደ ኋላ አይገልበጥ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚያታልለው፤ ወደ ኋላ ተገልብጦ በሌላ ጡንቻ ያነሳዋል። በአግባቡ ከተሠራ 10 ጊዜ ማንሳት ራሱ ያደክማል።

እናቴ ቤት ውስጥ ወድቃ መነሳት አቃታት። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ አልጋ ላይ ብናስታምማትስ?

እግሯ ካጠረና ጣቶቿ ወደ ውጭ ከዞሩ የጭን አጥንቷ አንገት አካባቢ ተሰብሯል ብላችሁ ገምቱ። አትሹ፣ ለማቆም አትሞክሩ፣ ታክሲ ወንበር ላይ አጥፋችሁ አታስቀምጧት። በቃሬዛ ወይም በጠንካራ ሳንቃ ላይ አስተኝታችሁ ውሰዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አንዳንድ ስብራት ደግሞ እርስ በርሱ ተጠቅጥቆ ሰውየው እያነከሰም ይራመዳል፤ ስለዚህ "ቆማ ሄዳለች" ማለት አልተሰበረችም ማለት አይደለም።

"አርጅታለች፣ ቢላዋ አትችልም" የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በሐኪም ሳይሆን ሳሎን ውስጥ በቤተ ዘመድ ነው። ከፍቅር የመጣ ነው፣ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በአረጋዊ ላይ አደገኛው መተኛቱ ነው፦ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋት፣ የአልጋ ቁስል። የሚመከረው ቢቻል በሁለት ቀን ውስጥ ቀዶ ጥገና ተደርጎ በማግስቱ እንድትቆም ነው። እንደ ስብራቱ ቦታ ወይ በብረት ይታሰራል ወይ የአጥንቱ ራስ ብቻ በሰው ሠራሽ ይተካል። ልቧ ወይም ሳንባዋ የማይፈቅድ ከሆነ ያንን የሚወስነው የማደንዘዣ ባለሙያው ነው።

ልጄ ያነክሳል። ሲያድግ ይተወዋል?

ትኩሳት ያለውና እግሩን አላስነካ ያለ ልጅ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይግባ። ዳሌ ውስጥ የገባ መግል በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያጠፋል። ትኩሳት ሳይኖር ከ4 እስከ 8 ዓመት ባለ ልጅ የሚቆይ ማነከስ የአጥንቱ ራስ ደም ማጣት ሊሆን ይችላል። በጉርምስና መግቢያ ላይ ባለ፣ በተለይም ወፈር ባለ ልጅ ደግሞ የአጥንቱ ራስ ከአንገቱ ሊንሸራተት ይችላል፤ ይህም አይቆይም፣ ወዲያው በብረት መያዝ አለበት። ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል እዚሁ አዲስ አበባ የሕፃናትን የአጥንት ችግሮች ያክማል።

ለአራስ ልጅ አንድ ነገር፦ እግሮቹን ቀጥ አድርጎ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ዳሌው በጎድጓዳው ውስጥ በደንብ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። አያቶቻችን በአንቀልባ እግሩን ከፍተው ማዘላቸው ግን ለዳሌ ከሁሉ የተሻለው አቀማመጥ ነው።

መገጣጠሚያውን የማስቀይረው መቼ ነው? ስንት ዓመትስ ያገለግላል?

ራጁ ስለከፋ ብቻ አይቀየርም። ሕመሙ ከእንቅልፍ ሲያነቃ፣ የሚራመዱት ርቀት ከወር ወር ሲያጥር፣ መድኃኒትና እንቅስቃሴ በአግባቡ ተሞክረው ሲያቅቱ ነው ጊዜው። ሽባ እስኪሆኑ መጠበቅም ጥበብ አይደለም፤ ጡንቻው ከሟሸሸ በኋላ ማገገሙ ይረዝማል።

የዘመናዊው የዳሌ ቅየራ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ነው። ከብረት የተሠራ ግንድ ጭን አጥንት ውስጥ ይገባል፣ በላዩ የብረት ወይም የሴራሚክ ኳስ ይቀመጣል፣ ጎድጓዳው በጠንካራ ፕላስቲክ ይለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከተለያዩ አገሮች መዛግብት ተሰብስቦ በታተመ ጥናት ከ10 ቅየራዎች ዘጠኙ ያህል 15 ዓመት፣ 58 በመቶው ደግሞ 25 ዓመት አገልግለዋል። ለ70 ዓመት አዛውንት ይህ ዕድሜ ልክ ነው፤ ለ35 ዓመት ሰው ግን ሁለተኛ፣ ምናልባትም ሦስተኛ ቅየራ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ዋጋው ስንት ነው?

እዚህ የሚጻፍ አኃዝ ነገ ስለሚያረጅ አልጽፍም። ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ከውጭ የሚገባ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ ወዲህ ጎረቤት የነገረዎ የድሮ ዋጋ አያገለግልም። ሲጠይቁ ግን ለይተው ይጠይቁ፦ የቀዶ ጥገናው ክፍያ ስንት ነው፣ የመገጣጠሚያው ዕቃ ስንት ነው፣ አልጋ፣ መድኃኒት፣ ደምና ፊዚዮቴራፒ በውስጡ አሉ ወይ? የጤና መድኅንዎ ዕቃውን ይሸፍን እንደሆነ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

እዚህም ይሁን ሕንድ ሄደው ቢሠሩ፣ ከዕቃው ማሸጊያ ላይ የሚነሳውን ተለጣፊ ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ። የአምራቹ ስም፣ መጠኑና ተከታታይ ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። ከ15 ዓመት በኋላ የሚቀይርልዎ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።

ከቅየራ በኋላ በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ መስገድ፣ መሬት ሽንት ቤት መጠቀም እችላለሁ?

በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 12 ሳምንታት አይቻልም። በተለይ ከኋላ በኩል ተከፍቶ ከተሠራ ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግር ማነባበርና እግርን ወደ ውስጥ ማዞር ኳሱን ከጎድጓዳው ያወልቀዋል። የቡና በርጩማ ደግሞ ከእነዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያሠራል፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ ሲኒ ለመቀበል ሰውነት ይጎነበሳል፣ እግር ወደ ውስጥ ይዞራል። ቡናው ይቅረብ፣ እርስዎ ግን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይሁኑ። የመሬት ሽንት ቤት ያለበት ግቢ ከሆነ ከቀዶ ጥገናው በፊት መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር በአናጢ ያሠሩ፤ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ማሰብ ይዘገያል።

ስግደትና ሶላት በወንበር ላይ ተቀምጦ ይሁን። ከወራት በኋላ ግንባርን መሬት ማስነካት ይፈቀድ እንደሆነ የሠራዎትን ሐኪም ይጠይቁ፤ መልሱ እንደ አሠራሩና እንደ ዕቃው ይለያያል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት እስከ 5 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ "ደህና ሆኛለሁ" ብለው አያቋርጡት። ባት ካበጠና ካመመ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ።

የትዳር ግንኙነትስ?

ይህን የሚጠይቀን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሊወጣ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ነው። ማፈር አያስፈልግም። ቁስሉ ድኖ 6 ሳምንት ገደማ ሲሆን ይቻላል፤ የተቀየረለት ሰው በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩ ወደ ውስጥ ሳይዞርና ከመጠን በላይ ሳይታጠፍ። ዳሌዋ የተቀየረ ሴትም ማርገዝና በምጥ መውለድ ትችላለች፤ አዋላጇ ግን አስቀድማ ትወቅ።

ከቅየራው በኋላ አንዱ እግሬ የረዘመ ይመስለኛል። ተሳስተዋል?

ላይሆን ይችላል። ለዓመታት ባጠረ እግር ሲያነክሱ ከኖሩ ጡንቻዎችና ወገብ በዚያው ተጣመው ለምደዋል፤ ትክክለኛው ርዝመት ሲመለስ የረዘመ ይመስላል። በ3 ወር ገደማ ውስጥ ስሜቱ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። እስከዚያ ጫማ ሰፊ ጋ ሄደው ሶል አያስጨምሩ፤ ጡንቻው እንዳይፍታታ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ካልተስተካከለ ይለካ። በራጅ የተረጋገጠ ትርጉም ያለው ልዩነት ካለ ሶሉ ያኔ ይመጣል።

ከተቀየረልኝ ዓመታት አልፈዋል፤ ሕመሙ ግን ተመለሰ። ምን ላድርግ?

ሕመሙ በእርምጃ መጀመሪያ ላይ ጭን ውስጥ የሚወጋ ከሆነ ግንዱ ላልቶ ሊሆን ይችላል። መቀመጫ ላይ ሆኖ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ ወገብዎ ይመርመር። ያለ እረፍት የሚያም፣ ሌሊት የማይተው፣ ትኩሳት ያለው ወይም ከጠባሳው ፈሳሽ የሚያመጣ ከሆነ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ከጥርስ፣ ከሽንት ቧንቧ ወይም ከእግር ቁስል ተነስቶ በደም ይደርሳል።

እዚህ ላይ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መጀመር ጉዳዩን ያበላሸዋል። ሐኪሙ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ ጀርሙን ማሳደግ አለበት፤ መድኃኒቱ ቀድሞ ከገባ ጀርሙ በላቦራቶሪ አይበቅልም፣ ከዕቃው ላይ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ምንም ሳይውጡ፣ የቀድሞ ራጅዎንና ያንን ተለጣፊ ወረቀት ይዘው፣ ቢቻል ወደ ሠራዎት ሐኪም በዚያው ሳምንት ይመለሱ፤ ትኩሳት ወይም ፈሳሽ ካለ ደግሞ በዚያው ቀን።